አስራ አንድ ሴሚስተር አስተምሬ አሁንም ካዡዋል ነኝ፤ ደብዳቤውን ላስገባ ወይስ ዩኒየኑን ልጠብቅ?

የማታ ክፍል (ሜልበርን)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ሜልበርን ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ስሙን አልጠራም። ይሄ አስራ አንደኛ ሴሚስተሬ ነው፤ አንዱንም አላቋረጥኩም። ሦስት ቱቶሪያል (ከሌክቸሩ ሌላ በትንንሽ ቡድን የሚሰጥ ክፍል)፣ አንዳንዴ አራት እይዛለሁ። አንድ ጊዜ መምህሩ ሲታመም ሌክቸሩንም ይዤ ጨርሻለሁ። በወረቀት ግን እስከ ዛሬ ካዡዋል ነኝ።

አውስትራሊያን ለማታውቁ፣ ካዡዋል ማለት በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። የሕመም ፈቃድ የለውም። የዓመት ዕረፍት የለውም። ሥራው ነገ ይኑር አይኑር ማንም ቃል አይገባለትም። ለዚህ ማካካሻ ተብሎ በሰዓት ክፍያው ላይ 25 በመቶ ይጨመርለታል።

ትምህርት ኖቬምበር ላይ ይዘጋል። ከዚያ እስከ ማርች ደሞዝ የለም። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲገባ ኢሜይሌን እየከፈትኩ እየዘጋሁ እቀመጣለሁ። ዘንድሮ ኮንትራቱ የደረሰኝ ክፍል ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ነው። ባለፈው ጊዜ ከባለቤቴ ጋር ለቤት ብድር ባንክ ሄድን። የባንኩ ልጅ ፔይስሊፖቼን አገላበጠና «ዲሴምበርና ጃንዩወሪ ላይ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ምንም አልሆንኩም። ተማሪ አልነበረም፣ ስለዚህ እኔም አልነበርኩም። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁለታችንም ዝም ብለን ነው የመጣነው።

አሁን ሕጉ ተቀይሯል፣ ቋሚ ልሁን ብለሽ በደብዳቤ ማሳወቅ ትችያለሽ ይሉኛል። ዩኒየኑ ደግሞ በአዲሱ የኅብረት ስምምነት ላይ እየተደራደረ ነው። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ደብዳቤውን ባስገባ ማንም አያባርረኝም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ዝም ብለው አይጠሩኝም፤ በቃ። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

የፉትስክሬይ ልጅ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። እኔ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ የዩኒየኑ ተወካይም ነኝ። ዩኒየኑ ኤንቲኢዩ የሚባለው ነው፣ በ1993 የተመሠረተው የከፍተኛ ትምህርት ሠራተኞች ማኅበር።

መጀመሪያ ሕጉን ላስረዳሽ፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። በ2021 የወጣው ሕግ አሠሪው ራሱ 12 ወር የሞላውን ካዡዋል አይቶ ቋሚነት እንዲያቀርብለት ያዝዝ ነበር። ግን «በቂ ምክንያት» ካለው እንዲተው ፈቀደለት። ዩኒቨርሲቲዎቹ መዝገባቸውን አገላብጠው ለአብዛኛው ሰው የላኩት «አንተን አይመለከትም» የሚል ደብዳቤ ነው። እኔ ራሴ ደርሶኛል።

ከኦገስት 26 ቀን 2024 ጀምሮ ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ካዡዋል የሚለው ትርጉም። ድሮ ኮንትራቱ ላይ የተጻፈው ነበር የሚታየው። አሁን ግን በተግባር ያለው ግንኙነት ይታያል። ሥራው ይቀጥላል የሚል ቁርጥ ያለ ቃል በተግባር አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከሠራተኛው ይነሳል። ስድስት ወር ከሠራሽና ከእንግዲህ ካዡዋል አይደለሁም ብለሽ ካመንሽ በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ። እነሱ አነጋግረውሽ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። እምቢ ካሉ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታቸው ነው። ካልተስማማሽ መጀመሪያ እዚያው ትነጋገራላችሁ፣ ካልሆነ ፌር ወርክ ኮሚሽን ትሄጃለሽ፣ የሥራ ክርክር የሚዳኘው የመንግሥት አካል ነው። ኮሚሽኑ መወሰን ይችላል።

በአንቺ ጉዳይ የሚከራከሩበትን ቦታ ከወዲሁ ልንገርሽ። ያ የኖቬምበርና የማርች ክፍተት ነው። «በየሴሚስተሩ አዲስ ቅጥር ነው» ይላሉ። ስለዚህ በዕረፍቱ ወራት የመጣልሽን ኢሜይል ሁሉ ፈልጊ። «ለሴሚስተር አንድ እንደተለመደው ማክሰኞን ያዢልን» የሚል አንድ መስመር ካለሽ እሱ ወርቅ ነው።

ቁጥር ወዳድ

ሁላችሁም ቋሚ ቋሚ ትላላችሁ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ እስቲ በቁጥር እንነጋገር። 25 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የዓመት ዕረፍቱንና የሕመም ፈቃዱን በብር ብትመነዝሪው ያን ያህል አይርቅም። ደግሞ የአንድ ሰዓት ቱቶሪያል የሚከፈለው እንደ ሦስት ሰዓት ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱ ለዝግጅት። ባለቤቴም ሁለት ዓመት እንደዚህ ሠርታለች፣ ልጆች ትንንሽ በነበሩ ጊዜ ተመችቷት ነበር። ሁሉም ካዡዋል የተበደለ አድርጋችሁ አታቅርቡት።

የማታ ክፍል

ወንድሜ፣ ባለቤትህን ከተመቻት ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። ሁለት ዓመት ግን ሁለት ዓመት ነው። ከፈለገች የምትወጣበት በር ነበራት። እኔ መውጫውን ሳይሆን መግቢያውን ነው የምፈልገው።

ሦስት ሰዓቱም እንዳልከው አይደለም። ያው ቱቶሪያል በዚያው ሳምንት ከተደገመ የሚከፈለው እንደ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ አንዱን ሦስቴ ነው የማስተምረው። በዚያ ሰዓት ውስጥ የተማሪው ኢሜይል አለ። ከክፍል በኋላ በር ላይ የሚጠብቀኝ ልጅ አለ። አልፎ አልፎ የሚያለቅስ አለ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንዱን ቱቶሪያል «ወርክሾፕ» ብለው ስም ቀየሩት። ክፍሉ ያው፣ ተማሪው ያው፣ ትምህርቱ ያው ነው። የክፍያው ልክ ግን ዝቅ አለ።

25 በመቶው ባንኩን አላሳመነውም። ጉንፋን ይዞኝ 39 ዲግሪ ትኩሳት እያለኝ ያስተማርኩትን ቀንም አይመልስልኝም።

ላይብረሪያኗ

ከላይ ስለ እርማት ማንም አላነሳም። ዋናው ቁስል ያ ነው እኮ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። የፈተና ሰሞን ማታ ማታ ሕንጻው ውስጥ የሚቀሩት ካዡዋል አስተማሪዎች ናቸው፣ ወረቀት እያረሙ።

የሜልበርን ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፣ አደባባይ የወጣ ነው። የመንግሥቱ የሥራ ተቆጣጣሪ፣ ፌር ወርክ ኦምቡድስማን፣ በ2023 መጀመሪያ ፍርድ ቤት አቆመው። በአርትስ ፋኩልቲ የነበሩ 14 ካዡዋሎች ከ2017 እስከ 2019 ላረሙት የተከፈላቸው በሠሩበት ሰዓት አልነበረም። መለኪያው በሰዓት 4,000 ቃል የሚል ነበር። እስቲ አስቡት። ተማሪው 2,000 ቃል ጽፎ ካስረከበ ግማሽ ሰዓት ነው ያለሽ። አንብበሽ፣ አስበሽ፣ ነጥብ ሰጥተሽ፣ አስተያየት ጽፈሽ፣ ሁሉም በግማሽ ሰዓት። እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሐሳቡን ለማግኘት ሁለቴ ማንበብ አለብሽ። ያ ልጅ ትናንት እኔ ነበርኩ። አንድ ካዡዋል አስተማሪ ድርሰቴን ሁለቴ ባያነብልኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልደርስም ነበር። ሰዓቱ እንዳልተከፈላት ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

በዲሴምበር 2024 ዩኒቨርሲቲው ከተቆጣጣሪው ጋር ስምምነት ፈረመ። ከ25,000 ለሚበልጡ ሠራተኞች 72 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ።

ቁጥር ወዳድ

72 ሚሊዮን? ያን አላውቅም ነበር። ይሄ እንግዲህ የአንድ ክፍል ስህተት አይደለም፣ የአሠራር ነው። በዚህ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ደሞዝ ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ሰው የምላችሁ፣ ታይምሺት ላይ ያልተጻፈ ሰዓት በኋላ ለማስመለስ ከባድ ነው። ማንም ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ የሠራበትን ሰዓት በቀን በቀኑ ይጻፍ። ስልክ ላይም ይሁን ደብተር ላይ፣ ግድ የለም።

ስም አልጠቅስም

ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ነኝ። ቋሚ ነኝ፣ የትምህርት ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ያ በፌብሩዋሪ የሚዘገየውን ኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። እንደኛ ዓይነቱ ቋሚ መምህር በተለመደው ስሌት 40 በመቶ ማስተማር፣ 40 በመቶ ምርምር፣ 20 በመቶ ሌላ ሥራ ነው ድርሻው። ተማሪው ሲበዛ ቋሚ መቅጠር የሚፈቀድልኝ በስንት ዓመት አንዴ ነው። የካዡዋል በጀት ግን በየሴሚስተሩ ይለቀቅልኛል፣ ያም የተማሪው ቁጥር ከታወቀ በኋላ። ቁጥሩ የሚታወቀው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ከውጭ የሚመጡት ተማሪዎች ሲቀሩ የሚቀነሰው መጀመሪያ ያ በጀት ነው። በ2020 ኮሮና ጊዜ አይቼዋለሁ። መንግሥት ለሠራተኞች ደሞዝ ድጎማ ሰጠ፣ ደንቡን ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዳይገቡበት አድርጎ ደጋግሞ ቀየረው። እኛ ጋ ከሄዱት ውስጥ አብዛኞቹ የስንብት ደብዳቤ እንኳን አልደረሳቸውም። ስማቸው በሚቀጥለው ሴሚስተር ሰንጠረዥ ላይ አልነበረም፣ ያ ብቻ።

ግን ይሄን ምክንያት አድርጌ መደበቅ አልፈልግም። ሥራው እንደሚኖር አውቃለሁ። ያ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ሃያ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ተሰጥቷል። በሚቀጥለው ዓመትም ይሰጣል። ስንት ቱቶሪያል እንደሚያስፈልግ በአንድ ወይ በሁለት ብሳሳት ነው። «ሥራው አይታወቅም» የሚለው እውነት አይደለም። የማይታወቀው ሥራው ሳይሆን ማን እንደሚሠራው ነው፣ እሱንም የማናሳውቀው ስላልፈለግን ነው።

እህቴ የማታ ክፍል፣ እንዳንቺ ያሉ ሁለት ልጆች አሉኝ። ደብዳቤ ቢያስገቡ ድጋፍ እጽፍላቸዋለሁ። ግን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ለምን እንደማይጠይቁኝ የገባኝ ዛሬ ያንቺን ሳነብ ነው።

የማታ ክፍል

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እንዲጠይቁህ አትጠብቅ፣ አንተ ቀድመህ ንገራቸው። እኔ ብሆን የአስተባባሪዬን ፊት አይቼ ነው የምኖረው። ኢሜይሉ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ትቶ ከጻፈ ሌሊቱን አልተኛም። ሰው እንዲህ ሆኖ ስለ መብቱ እንዴት ይጠይቃል?

ጋሽ መምህር

ልጆቼ፣ ደህና ዋላችሁ? ይሄን ክር ልጄ ናት የላከችልኝ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። እዚህ አገር ስመጣ ግን በ90ዎቹ መጨረሻ በኮንትራት አስተምሬያለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ታሪክ ልጨምር።

ያን ጊዜ ሰው የሚማረረው በካዡዋል ሳይሆን በአጭር ኮንትራት ነበር። አንድ ዓመት፣ ሌላ አንድ ዓመት፣ እንደገና አንድ ዓመት። ዩኒየኑ ተሟግቶ በ1998 ትልቅ ውሳኔ አስወሰነ። ኮንትራት በዘፈቀደ አይሆንም፣ ለተወሰኑ ምክንያቶች ብቻ ነው ተባለ። እኔም ጓደኞቼም ያን ቀን ደስ አለን። ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ ነበር። ከዚያ ምን ሆነ? በኮንትራት መቅጠር ሲከብዳቸው ወደ ካዡዋል ዞሩ። ውሃ አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኚበት ሌላውን እንደሚፈልግ ማለት ነው። በ2005 ደግሞ የወቅቱ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎቹ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። እንዲህ ያሉ ገደቦችን ከስምምነታችሁ አውጡ አላቸው። ብዙው የተገኘው ነገር ተመልሶ ሄደ።

ይሄን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ሕጉን ብቻ አትመኑ ለማለት ነው። ሕግ ይመጣል፣ ሕግ ይሄዳል። እኔ ያየሁት የቆየው ነገር ሰዎቹ ተሰብስበው በስምምነቱ ላይ ያስጻፉት፣ ከተጻፈም በኋላ በየክፍሉ የተከታተሉት ነው።

ሌላም ልንገራችሁ። ራስል መንገድ ከቪክቶሪያ መንገድ የሚገናኝበት ላይ፣ የዩኒየኖቹ ቤት ትሬድስ ሆል ፊት ለፊት፣ ሦስት ስምንት ቁጥር ያለበት ሐውልት አለ። ብዙዎቻችሁ በትራም አልፋችሁታል። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት መዝናኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ማለት ነው። ያን መብት ያስገኙት ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። ኤፕሪል 21 ቀን 1856 መዶሻቸውን ጥለው ወደ ፓርላማ ሲሄዱ ይሠሩ የነበረው የት መሰላችሁ? የሜልበርን ዩኒቨርሲቲን ሕንጻ። ያን ሕንጻ ባየሁ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል። አሁን ላይብረሪያኗ ስለ 4,000 ቃል ስትጽፍ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ላይብረሪያኗ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። በዚያ በኩል በየቀኑ ነው የማልፈው። ይሄን አላውቅም ነበር።

ዲሲ ነዋሪ

ከዋሽንግተን ሰላም። እዚህ ካዡዋል አይባልም፣ አድጀንክት ነው የሚባለው። በኮርስ ነው የሚከፈለው። ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየሠራ ማታ ኮሌጅ የሚያስተምር ሐበሻ ስንት አለ መሰላችሁ። ፒኤችዲ ያለው ጭምር።

እኛ ጋ ትልቁን ሥራ የሠራው ሎካል 500 የሚባለው ዩኒየን ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን፣ አሜሪካን፣ ጆርጅታውን፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ እያለ አንድ በአንድ የአካባቢውን አድጀንክቶች አደራጀ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲደራጅ ሌላው ጋ የሚያስተምረው ያው ሰው ነው፣ ስለዚህ ወሬው በሰዎቹ እግር ይሄዳል። ኮርሱ በመጨረሻ ሰዓት ቢሰረዝ ካሳ ይከፈል የሚለው ነገር የመጣው በእንዲህ ያለ ድርድር ነው። ሜልበርን ያላችሁ እሱን አስቡበት። ክፍል ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ኮንትራት የሚልክ ሰው መዘግየቱ ገንዘብ ቢያስወጣው ቀደም ብሎ ይልክ ነበር።

ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስንት የኛ ሰው የተማረበት፣ ስንት የኛ ሰው ያስተማረበት ግቢ ነው። እዚያ ሰባት ዓመት የሚባል ደንብ ነበር። የሙሉ ጊዜ ሆነው ግን ለቋሚነት መስመር ውስጥ ያልገቡ መምህራን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው መቀጠል አይችሉም ነበር፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ። ድርድሩ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ማርች 23 ቀን 2022 አድማ እንመታለን ብለው ቀን ቆረጡ። ተማሪው ከጎናቸው ቆመ። አድማው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያን ሌሊት አንዲት ጓደኛዬ ስልኳን ይዛ ቁጭ ብላ ነበር ያደረችው። ጎህ ሲቀድ ደወለችልኝ፣ ድምፅዋ አይወጣም ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ኒው ስኩል የሚባለው ዩኒቨርሲቲ የትርፍ ሰዓት መምህራን ከሦስት ሳምንት በላይ አድማ መቱ። እዚያ አብዛኛው አስተማሪ የትርፍ ሰዓት ስለሆነ ትምህርቱ ቀጥ አለ። ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ከክፍል ውጭ ለሚሠራው ሥራ ክፍያ ነበር። ሜልበርን ካለው ችግር ጋር አንድ ነው።

አራት ኪሎ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ሁለት የግል ኮሌጅ በፓርት ታይም አስተምራለሁ፣ በክሬዲት ሰዓት ነው የሚከፈለኝ። ሳነባችሁ የራሴን ታሪክ የጻፋችሁ መሰለኝ። እኛ ጋ ኮንትራት የሚባል ወረቀት እንኳን የሚሰጠው ሁሉም ቦታ አይደለም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ዲኑ ይደውላል፣ ከደወለ ሥራ አለ ማለት ነው። እኛስ የሚያግዘን ሕግ አለ ወይ?

ጋሽ መምህር

ልጄ አራት ኪሎ፣ የግል ኮሌጅ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብብ። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፣ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በቀር። አነሳሱ ከዚህ አገር ይሻላል ብዬ አስባለሁ። በየዓመቱ የሚሰጥ ኮርስ ከአንቀጽ 10 ምክንያቶች የትኛው ውስጥ እንደሚገባ አሠሪው ይጠየቅ። ማኅበር ለማቋቋምም አስር ሠራተኛ ይበቃል። ግን ልጄ፣ ብቻህን ሄደህ ዲኑ ፊት አዋጅ እንዳትጠቅስ። መጀመሪያ ሌሎቹን ፓርት ታይመሮች ፈልግ። አብራችሁ ሻይ ጠጡ። የሕግ ባለሙያም አማክሩ።

አራት ኪሎ

እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዱ ኮሌጅ ብቻ ዘጠኝ ነን፣ ስማቸውን አውቃለሁ። ተሰብስበን ስለማናውቅ ግን ፊት ለፊት የማውቀው አራቱን ነው።

የፉትስክሬይ ልጅ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። እህታችን «ባይጠሩኝስ» ብላለች። ይሄን ፍርሃት ማንም «አትፍሪ» ብሎ አያጠፋውም። የሆነ ነገር ስለሆነ ነው የምትፈራው።

ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ካዡዋል መምህራን ከተሰጣቸው ሰዓት በላይ ሠርተናል ብለው ክፍያ ጠየቁ። ከኮንትራቱ ውጭ ሰዓት ከጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ አትጠብቁ የሚል ማስፈራሪያ ደረሳቸው። ከዚያ ከሁለቱ ለአንዱ ሰው በእርግጥም ሥራ አልተሰጠም። ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2023 ዩኒቨርሲቲው ከ74 ሺህ ዶላር በላይ ተቀጣ። እንግዲህ «ዝም ብሎ አለመጥራት» ራሱ ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ሕጉ ላይ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ። መብትሽን ስለጠየቅሽ ነው የጎዱሽ የሚል ክስ ሲነሳ፣ በዚያ ምክንያት አይደለም ብሎ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው።

ግን እዚህ ላይ ከራሴ ዩኒየን ሰዎች ጋር እንኳን የምከራከርበት ነገር አለ። አዲሱ መንገድ ጥሩ ነው እያልን በራሪ ወረቀት እንበትናለን። መንገዱ ግን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አለቃው ፊት ያቆመዋል። ደብዳቤውን የምትጽፈው አንድ ሴት ናት። መልስ የሚጽፍላት የሰው ሀብት ክፍሉና ጠበቃው ነው። ቁጥር ያለው ለውጥ ያየሁት በድርድር ነው። ዌስተርን ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ስምምነት 150 አዳዲስ ቋሚ ቦታ ለካዡዋሎች አስገኙ። ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በተደጋጋሚ አድማ ተመትቶ በ2023 በተደረሰው ስምምነት ከ300 በላይ አዲስ ቦታ ተጻፈ፣ በካዡዋል የሚሠራውንም ሥራ ለመቀነስ ቃል ተገባ። ያ ሁሉ በቂ አይደለም። ከቦታዎቹ ስንቱ በርግጥ ለነበሩት ካዡዋሎች እንደሚደርስ፣ ስንቱ ከውጭ በመጣ ሰው እንደሚሞላ መከታተል አለብን። ግን ቁጥሩ ወረቀት ላይ ስላለ «የታለ?» ብለን መጠየቅ እንችላለን።

ስለዚህ የኔ ምክር ሁለቱንም አድርጊ ነው። ደብዳቤውን ግን ብቻሽን አታስገቢ።

ስም አልጠቅስም

እኔም እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቋሚዎቹ አድማ ካልመታን የካዡዋሉ አድማ ብዙ አይሰማም። እነሱ ያን ቀን ክፍያ ሲያጡ እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ኢሜይል ብመልስ ነውር ነው። ባለፈው ድርድር ብዙ ጓደኞቼ የደሞዝ ጭማሪው ሲገኝ ስለ ካዡዋል የተጻፈው አንቀጽ ቢላላም ግድ አልሰጣቸውም። እኔም እጄን አላነሳሁም። ዘንድሮ አነሳለሁ።

የማታ ክፍል

ከጻፍኩ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። የመጣልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ አንዳንዱን ሁለት ሦስቴ። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ልጆቹን እናቴ ጋ አድርሼ የአምስት ዓመት ተኩል ኢሜይል አገላበጥኩ። የፉትስክሬይ ልጅ ያልከው መስመር ተገኘ። አንድ ሳይሆን አራት ቦታ። አንዱ በዲሴምበር የተጻፈ ነው። «ማክሰኞና ሐሙስ ያንቺ ናቸው፣ ሌላ ነገር እንዳትይዢባቸው» ይላል። እኔም በዚያ ምክንያት ሌላ ሥራ እምቢ ብዬ ነበር፤ ያን ኢሜይልም አገኘሁት። ስድስት ወር ሲሞላ፣ ዓመት ሲሞላና ከዚያም በየዓመቱ ሊሰጠኝ የሚገባው ስለ ካዡዋል መብት የሚገልጸው ወረቀት ግን የደረሰኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ የከበደኝን ነገር አደረግኩ። በኛ ክፍል የሚያስተምሩ ሌሎች ካዡዋሎችን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ቢሮ የለንም፣ ስለዚህ የምንገናኘው ክፍል ስንለዋወጥ ኮሪደር ላይ ነው። አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘጠኝ! ሁልጊዜ ቋሚ ትመስለኝ ነበር። እሷም እኔን ቋሚ ነች ብላ ታስብ ነበር። አንዱ የኔፓል ልጅ ነው፣ የቪዛ ጉዳዩ ስላላለቀ ፈራ፣ እሱን አልገፋፋሁትም። ሰዓቱን ግን በየቀኑ መጻፍ ጀምሯል፣ ቁጥር ወዳድ እንዳልከው።

አምስት ሆነናል። አምስታችንም ደብዳቤያችንን በአንድ ቀን እናስገባለን፣ የዩኒየኑ ሰው አይቶልናል። አራታችን ያው ቀን አባል ሆነናል። መዋጮው እንደ ገቢያችን ስለሆነ አልከበደንም። በድርድሩ ላይ እንዲነሳ የጻፍነው ሦስት ነገር ነው። ኮንትራት ቢያንስ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ይምጣ፣ ክፍል ከተሰረዘ ካሳ ይከፈል፣ እርማት በሠራንበት ሰዓት ይከፈል። ካሳውን ከዲሲዋ እህቴ ነው የወሰድኩት።

አስተባባሪዬንም አነጋገርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ዝም አልኩ። ድጋፍ እጽፋለሁ ብሏል፣ እስካሁን አልጻፈም። እየጠበቅኩ ነው።

የፉትስክሬይ ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤውን ያስገባችሁበትን ቀን ጻፊልኝ፣ 21 ቀኑን ከዚያ እንቆጥራለን። ለንግግሩ ሲጠሩሽ ብቻሽን እንዳትገቢ፣ እኔ ወይም የግቢያችሁ ተወካይ አብረን እንገባለን። አምስታችሁም ረቡዕ ፉትስክሬይ ኑ፣ ኒኮልሰን መንገድ ያለው ቡና ቤት፣ በሐበሻ አቆጣጠር 12 ሰዓት። የኔፓሉንም ልጅ ጥሪው፣ ምንም መፈረም የለበትም።

የማታ ክፍል

ሰኞ ጠዋት ነው የምናስገባው። ረቡዕ እንመጣለን፣ እኔ ክፍል ስላለኝ ትንሽ ልዘገይ እችላለሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል፣ መኪና እንልካለን።

ጋሽ መምህር

መኪና አትላኪ ልጄ፣ በትራም እመጣለሁ።